የጎጃም ገጠር፦ በሥዕልና በመሬት ላይ

ጎጃም ዓባይ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ እየዞረ የሚከበው ደጋና ወይና ደጋ የበዛበት አገር ነው። በመካከሉ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ተራራ አለ፤ ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ከፍታው 1,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ይህ ልዩነት በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ከገብስ ወደ ጤፍ፣ ከጤፍ ወደ ማሽላ ያሻግራል። በቢቸናና በደጀን በኩል ጥቁር መሬት ላይ የሚበቅለው ነጭ ጤፍ በአዲስ አበባ ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። በምዕራቡ ቀይ አፈር ላይ በቆሎና ዳጉሳ ይበዛሉ፤ ወደ ሰከላና ባንጃ ሲወጣ ደግሞ ድንችና ገብስ።

ይህ ገጠር ለሥዕል ሲቀርብ ግን አንድ ዓይነት መልክ ብቻ አለው። ባሕር ዳር ውስጥ ለጎብኚ በሚሸጡት የቆዳና የሸራ ሥዕሎች ላይ ሁለት በሬ የጠመደ ገበሬ፣ የሣር ክዳን ጎጆ፣ አውድማ ላይ የሚበራይ እህል፣ እንስራ ያዘለች ሴት አይጠፉም። የእርሻ ሥራን በሸራ ላይ መሳል አዲስ ነገር አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማሩ ሠዓሊዎች ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ለውጭ አገር ሰዎች ሲስሉ ገበሬውን፣ አጫጁንና አደኑን ደጋግመው አቅርበዋል። ችግሩ ሥዕሉ ባለበት ቆሞ አገሩ መሄዱ ነው። ከሥዕሉ ውስጥ ዛሬም ልክ የሆነው በዋናነት ማረሻው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የማረሻው ዕቃ በሙሉ ማለት ይቻላል እንጨት ነው። ገበሬው ረጅሙን ግንድ ሞፈሩን፣ በበሬዎቹ ጫንቃ ላይ የሚውለውን ቀንበሩን፣ እጀታውን እርፉንና በማረሻው ግራና ቀኝ የሚሆኑትን ሁለቱን ድግር ራሱ ይጠርባል፤ አፈሩን የሚሰነጥቀውን ብረት ማረሻውንና የብረት ማያያዣውን ወገሉን ከቀጥቃጭ ያሠራል፤ ሞፈርና ቀንበርን በጠፍር ምራን ያያይዛል። ማረሻው አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ስለዚህ ማሳው በመጀመሪያ ይገመሳል፣ ቀጥሎ የፊተኛውን ትልም እያቋረጡ ይደጋገማል። ጤፍ የሚዘራበት መሬት አራት አምስት ጊዜ መታረሱ የተለመደ ነው። ከተዘራም በኋላ ሥራው አያልቅም፤ ገበሬው ክረምቱ ዘሩን እንዳይወስድበት ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ ፈሰስ ያወጣል። ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ላየው ሰው እነዚህ ሰያፍ መስመሮች የጎጃም ማሳ ፊርማ ናቸው፤ ሠዓሊዎቹ እንዴት እንደዘለሏቸው ይገርማል። ፈሰሱ ውኃ ያስወግዳል፤ ተዳፋቱ ከበረታና ከጎረቤት ፈሰስ ጋር ከተገናኘ ግን ቦይ ይቆፍራል፤ ቦዩም ሲውል ሲያድር ገደል ይሆናል።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። ብዙ እጅ የሚፈልግ ሥራ ሲመጣ ደቦ ይጠራል፤ ጠላውና ምግቡ የባለቤቱ ነው። ወንፈል ደግሞ ብድር ስለሆነ ቀኑ ተቆጥሮ ይመለሳል።

የመሬቱ ለውጥ ምን ያህል እንደሆነ በደምበጫ አካባቢ ከአየር ፎቶግራፍ ተነሥቶ የተሠራ ጥናት ያሳያል፦ እ.ኤ.አ. በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶ የነበረው የተፈጥሮ ደን በ1995 ወደ 0.3 በመቶ ወርዶ፣ የታረሰው መሬት ከ39 ወደ 77 በመቶ አድጓል። ከደኑ የተረፈው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ነው። በዚያው አካባቢ አንጀኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ1984 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ በተዳፋቱ ላይ የአፈር እርከን ተሠርቷል፤ እርከኖቹ በጊዜ ብዛት ደለል እየያዙ ደረጃ መስለው ተስተካክለዋል።

የጎጃም ገበሬ በርስቱ ቀልድ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ያመፀው የግብሩ መጠን ከብዶት ብቻ ሳይሆን መሬቱ ተለክቶ ርስቱ የሚነጠቅ ስለመሰለው ነው። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ቢያዘምትም በመጨረሻ ግብሩን ተወው። ርስቱ የቀረው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። በ1989 ዓ.ም. መሬቱን እንደገና ያከፋፈለው ሽግሽግ መጣ፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የይዞታ ደብተር። ደብተሩ ለገበሬው ዋስትና ሰጠው፤ ማሳው ግን ለልጅ እየተከፈለ ጠበበ።

ከጠበበ መሬት ላይ ገንዘብ የሚያወጣው ባሕር ዛፍ ሆነ። በሜጫ በኩል የእህል ማሳ የነበረው ሁሉ ሳይቀር ተተክሎበታል፤ አጠናው እስከ ሱዳን ድረስ ይሸጣል። ሣሩ የሚታጨድበት ሜዳ ሲታረስ የጎጆ ክዳን ጠፋ፤ የባሕር ዛፉ ገንዘብ ደግሞ ቆርቆሮ ገዛ። ዛሬ ከመንገድ ላይ የሚታየው የጎጃም መንደር በቆርቆሮ የሚያብለጨልጭ፣ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ የቆመለት ነው። ጎጆ ቤት ውብ ነው የሚሉት ብዙዎቹ ክረምት ሲያፈስ ያላደሩበት ናቸው። እዚያው ሜጫ፣ መራዊ አጠገብ፣ የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር ለማልማት ተሠርቶ በበጋ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ይመረትበታል።

ከሁሉ ፈጥኖ መልኩን የለወጠው የአገው ሕዝብ የሚኖርበት አዊ ነው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባቹ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር መሰል ዛፍ ከጤፍ ጋር ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል፣ በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ያከስላል፣ ከዚያ መልሶ ያርሳል። የተጎዳ መሬት ያገገመበት፣ ሥራ አጥ ወጣት በችግኝና በከሰል ንግድ ኑሮ ያገኘበት ዘዴ ነው። በቅርብ ዓመታት ግን ቅጠሉን እንደ ዝገት የሚያለብስ የፈንገስ በሽታ ገብቶ ብዙ ተክል አድርቋል። አዊ የፈረስም አገር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ይከበራል። ፈረሱ ለበዓል ብቻ አይደለም፤ ይጫናል፣ አንዳንድ ቦታም ሞፈር ይጎትታል፤ ግጦሹ በዛፍ ሲያዝ ግን ፈረስ ማቆየት ከባድ ሆኗል።

በሬም ሆነ ማረሻ የሌለበት ጎጃምም አለ። በጣና ዳር በዘጌ ልሳነ ምድር በገዳሙ ሥርዓት መሠረት በበሬ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ነው። ሕዝቡ በዛፍ ጥላ ሥር በሚያበቅለው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይተዳደራል፤ እህሉን ከውጭ ይገዛል። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ሥዕሎች ያሉትም እዚያ ነው፦ በጨርቅ ላይ ተሥለው በመቅደሱ ዙሪያ የተለጠፉ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ያገሬውን ልብስ የለበሱባቸው። ባሕር ዳር የሚገዛውን የጥማድ በሬ ሥዕል ይዞ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር ጎብኚ በሥዕሉ ላይ ካለው ውስጥ እዚያ የሚያገኘው ጥቂት ነው።