አጣዳፊ ተቅማጥ፦ ተሕዋስያኑ አንጀትን እንዴት ያውካሉ?

በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የቀጠነ ሰገራ ከወጣ ተቅማጥ ነው፤ ከ14 ቀን በታች ከቆየ አጣዳፊ ይባላል። እኛ ዘንድ ሆዱን የቆረጠው ሁሉ «አሜባ ነው» ብሎ መድኃኒት ቤት ጎራ ይላል። አሜባ ግን ከብዙዎቹ አንዱ ነው፤ በሕፃናት ዘንድማ ከዋነኞቹ ተርታ አይገባም።

አንጀታችን በቀን 8 ወይም 9 ሊትር ፈሳሽ ያስተናግዳል። ሁለት ሊትር ያህሉ የምንበላውና የምንጠጣው ሲሆን ቀሪው ምራቅ፣ ሐሞት፣ የጨጓራና የቆሽት ፈሳሽ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ ወደ ደም ይመጠጣል። ተሕዋስያኑ የሚያውኩት ይህን ሥራ ነው፤ ዘዴያቸው ግን ይለያያል።

የኮሌራ ባክቴሪያ የአንጀትን ግድግዳ አይቦረቡርም። ሕንዳዊው ተመራማሪ ኤስ. ኤን. ዴ በ1959 እ.ኤ.አ. ካልካታ ላይ እንዳሳየው፣ ጉዳቱ የሚመጣው ባክቴሪያው ከሚያመነጨው መርዝ ነው። መርዙ የትንሹ አንጀት ሕዋሳት ጨው ያለማቋረጥ እንዲያፈሱ ያስገድዳል፤ ውሃውም ጨውን ተከትሎ ይወጣል። ሰገራው የሩዝ እጣቢ ይመስላል፤ ሕመሙ ከጠና በሰዓት አንድ ሊትር ሊደርስ ስለሚችል ሰው በሰዓታት ውስጥ በድርቀት ይሞታል።

ሮታ ቫይረስ ደግሞ ፈሳሽ የሚመጥጡትን ሕዋሳት ራሳቸውን ይገድላል። ያልተፈጨው የወተት ስኳር አንጀት ውስጥ ቀርቶ ውሃ ይስባል። ክትባቱ በኢትዮጵያ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለጨቅላዎች ይሰጣል።

ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ ነገር ሌላ ነው። ከ10 እስከ 100 የሚሆኑ ባክቴሪያዎች ብቻ ሰውን ለማሳመም ይበቃሉ። የትልቁን አንጀት ግድግዳ ሰርስረው ይገቡና ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እየተዛመቱ ያቆስሉታል። ስለዚህ ሰገራው ትንሽ፣ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ይሆናል፤ ትኩሳትና ማማጥ አይቀሬ ናቸው ማለት ይቻላል። እውነተኛው አሜባም ትልቁን አንጀት ያቆስላል፤ ነገር ግን አዝግሞ ይመጣል፣ አንዳንዴም ወደ ጉበት ይዘልቃል። ችግሩ በማይክሮስኮፕ ከእሱ የማይለይ፣ ጉዳት የሌለው ዘመድ አለው፤ ስለዚህ «አሜባ ታይቷል» የሚል ውጤት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ደም የዋጠ አሜባ ከታየ ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጃርዲያ የተባለው ሌላ ጥገኛ ተሕዋስ ደም አያመጣም፤ የሚታወቀው በሆድ መነፋትና የተበላሸ እንቁላል በሚሸት ግሳት ነው።

አንዳንዴ መርዙ ቀድሞ ምግቡ ውስጥ ተሠርቶ ይጠብቃል። ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ያደረበት ምግብ ቢሞቅ እንኳ መርዙ አይጠፋም፤ ከበሉ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ያስመልሳል።

በአንጀት ሕዋሳት ላይ ኮሌራ እንኳ የማያበላሸው አንድ በር አለ፦ ስኳርና ጨው አብረው የሚገቡበት። ኦ አር ኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠው የስኳርና የጨው ዱቄት፣ የሚሠራው በዚህ በር ነው። ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ሕፃናት ጡት ሳያቋርጡ ዚንክ ለ10 እስከ 14 ቀን ይጨመርላቸዋል። አንቲባዮቲክ በቫይረስ ላይ ፋይዳ የለውም፤ ደም ሲታይ ወይም ኮሌራ ሲጠረጠር ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው።