በክሪኬት «ጥልቀት» ማለት ምንድን ነው? የልጆች ስም ዝርዝር እንዳይመስላችሁ

አንዱ ተንታኝ የአምስት ወጣት ባተሮችን ስም ደርድሮ «የአውስትራሊያ ጥልቀት ይኸው» አለን። ወር ሳይሞላ ሁለቱ ልጆች ሳይቀናቸው ቀረ። ያው ሰውዬ ተመልሶ መጣና «ጥልቀት ድሮ ቀረ» አለ። ሌሎቹም ተቀባበሉት። በወር መጥቶ በወር የሚሄድ ነገር ጥልቀት አይባልም፣ ወሬ ነው።

ክሪኬትን ከሥሩ አላስረዳም። ባተር ኳሱን የሚመታው ነው፣ ቦውለር የሚወረውርበት ነው፣ ባተር የሚቆጠርለት ራን ነው፣ የሚመታበት ዙር ኢኒንግ ነው፣ ቦውለር ባተሩን ሲያስወጣው ዊኬት ይባላል፣ «ሳይወጣ» ማለትም ማንም ሳያስወጣው ማለት ነው፣ ቴስት ደግሞ አገር ከአገር ለአምስት ቀን የሚገጥምበት ነው፤ ከዚህ በላይ የፈለገ ሜልቦርን ወይ ፐርዝ ያለ ዘመዱን ይጠይቅ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። እንጀራዬ ስታቲስቲክስ ስለሆነ መሀል መሀል ላይ ስለ ቁጥር ብነዘንዝ ቻሉኝ።

ጥልቀት በአጭሩ ይሄ ነው፦ የተመረጡት ስድስት ባተሮች ነገ ጠዋት ቢታመሙ፣ የሚተካቸው ሰው ከእነሱ በምን ያህል ያንሳል? በትንሹ ከሆነ ጥልቀት አለ። በብዙ ከሆነ የለም። ኮከቡን ተዉት። ሰባተኛው፣ አሥረኛው፣ አሥራ አምስተኛው ማነው ነው ጥያቄው።

ለኛ ሰው ይሄን ማስረዳት አይከብድም፣ ሩጫ እናውቃለን። ፓሪስ 2024ን አስታውሱ። ሲሳይ ለማ ተጎዳ፣ ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ገባ፣ ማራቶኑን በ2:06:26 ጨርሶ በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ። ተጠባባቂው! ያውም በ2022 ዩጂን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው። እንዲህ ያለውን ሰው በተጠባባቂነት የምትይዝ አገር ጥልቀት አላት። ዕድሜው ደግሞ 32 ነበር። ያን ቀን ማንም ተነስቶ «በ32 ዓመት ሰው ካሸነፋችሁማ ወጣት የላችሁም» አላለንም።

ክሪኬት ላይ ግን ይሉታል።

የታዝማኒያውን ቦ ዌብስተርን ውሰዱ። በ2023-24 የሼፊልድ ሺልድ (የአውስትራሊያ ግዛቶች ውድድር) 938 ራን አስቆጥሮ 30 ዊኬት ወሰደ፤ በዚያ ውድድር በአንድ ወቅት ከ900 ራን በላይና 30 ዊኬት ያገኘ ከእሱ በፊት ጋሪ ሶበርስ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቴስቱን የተጫወተው በጥር 2025 ሲድኒ ላይ፣ በ31 ዓመቱ። 57 ሠራ፣ በሁለተኛው ኢኒንግ ደግሞ 39 ሠርቶ ሳይወጣ የማሸነፊያውን ምት መታ። ጄክ ዌዘራልድም እንደዚሁ ነው። በ2024-25 ሺልድ 906 ራን ይዞ አንደኛ ወጣ፣ በኅዳር 2025 ፐርዝ ላይ ከእንግሊዝ ጋር ቴስት ሲጀምር እሱም 31። ተንታኛችን ሁለቱን አየና «ወጣቱ አልቋል ማለት ነው» ብሎ ደመደመ።

ወንድሜ፣ ተገልብጦብሃል። ዓመታት ወረፋ ይዞ፣ በ31 ዓመቱ ተጠርቶ፣ ገብቶ ወዲያው የሚሠራ ሰው ካለ ወረፋው ጠንካራ ነው። ማይክ ኸሲ በ2005 ቴስት ሲጀምር 30 ዓመቱ ነበር፣ በአንደኛ ደረጃ ክሪኬት (እንደ ሺልድ ባሉ የብዙ ቀን ጨዋታዎች) ከ15,000 ራን በላይ ሠርቶ ነው የተጠራው። አዳም ቮጅስ በ2015 ዶሚኒካ ላይ በ35 ዓመቱ ጀመረ፣ በዚያው ጨዋታ 130 ሠርቶ ሳይወጣ ቀረ፣ የቴስት አማካዩም (ራኑ ለወጣበት ጊዜ ብዛት ሲካፈል) በ61.87 ተዘጋ። እነዚህን ሰዎች ማንም የድክመት ምልክት አላላቸውም።

ትልቅ ሰው በተመረጠ ቁጥር ጥልቀት አለ ማለቴም አይደለም (አጣሞ የሚጠቅሰኝ አይጠፋም)። የ31 ዓመቱ ሰው የተመረጠው እሱ ስለጎበዘ ሊሆን ይችላል፣ ከሥሩ ያሉት ስለደከሙም ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ብቻውን ይሄን አይለይም። ለይቶ የሚነግረን ሺልዱ ነው፣ እሱንም በደንብ ለሚያነበው።

ሺልዱ ስድስት ግዛት ነው፦ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ቪክቶሪያ፣ ኩዊንስላንድ፣ ሳውዝ አውስትራሊያ፣ ዌስተርን አውስትራሊያና ታዝማኒያ። እያንዳንዱ በወቅቱ አሥር ጨዋታ አለው፣ ከዚያ ፍጻሜ። ለግዛቱ ስድስት የባተር ቦታ ብንይዝ በመላ አገሪቱ 36 ቦታ ነው። በቃ። የ19 ዓመት ልጅ ቦታ የሚያገኘው የ29 ዓመቱን ሰው ነቅሎ ነው። ጥልቀቱን የሚሠራው ራሱ ይሄ ግፊያ ነው። ይሄን ያልተረዱ ሰዎች በ2009-10 የግዛቶቹን የሁለተኛ ቡድን ውድድር ከ23 ዓመት በታች አደረጉት፣ ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ለቡድን ሦስት ብቻ ተፈቀደ። ወጣት እናብዛ ብለው ነው። ልጆቹ ግን ከልጆች ጋር ብቻ ሲጫወቱ ከርመው ልምድ ያለው ቦውለር ፊት ሲቆሙ ግራ ተጋቡ፣ ብዙ ትችት ደረሰበት፣ በኋላም ተተወ።

አሁን ወደ ሳም ኮንስታስ፤ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። በጥቅምት 2024 ለኒው ሳውዝ ዌልስ በአንድ ጨዋታ 152 እና 105 ሠራ። በታኅሣሥ ሜልቦርን ላይ በ19 ዓመቱ ከሕንድ ጋር ቴስት ጀመረ፣ ቡምራን የመሰለ ቦውለር እየተጫወተበት በ65 ኳስ 60 አገባ። አገሩ አበደ። በ2025 ዌስት ኢንዲስ ላይ ደግሞ በስድስት ኢኒንግ በድምሩ 50 ራን። አገሩ ተረጋጋ። ተንታኙ መጀመሪያ «ጥልቀት አለ» ያለው በእሱ ነው፣ ኋላም «የለም» ያለው በእሱ ነው። የአንድ ልጅ ታሪክ ስለ ጥልቀት የሚነግርህ ነገር የለም! ሲሳይ ለማ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ ማወቅ ታምራት ቶላ መኖር አለመኖሩን አይነግርህም።

ሌላው የሚዘለለው ነገር ጥልቀት በየቦታው መለያየቱ ነው። ሲሳይ ሲጎዳ የገባው የማራቶን ሯጭ ነው፣ የ1500 ሜትር ሯጭ አልላክንም። ዴቪድ ዋርነር በጥር 2024 ቴስት ሲያቆም አውስትራሊያ ያደረገችው ግን ወደዚያ የሚጠጋ ነው። ኢኒንግ ለመክፈት (ከሁሉ ቀድሞ ወጥቶ ለመምታት) ስሚዝ ተሞከረ፣ ማክስዊኒ ተሞከረ፣ ኮንስታስ፣ ሄድ፣ ላቡሼን፣ ከዚያ ነው ዌዘራልድ የመጣው። ከአምስቱ በዚያን ሰዓት መደበኛ ሥራው መክፈት የነበረው ኮንስታስ ብቻ ነው። ይሄ የሚነግረን የመሀል ባተር ወረፋው ረጅም፣ የመክፈቻው ወረፋ አጭር እንደነበር ነው፤ ቢያንስ መራጮቹ እንደዚያ ነው ያዩት። እርግጥ ትራቪስ ሄድ ፐርዝ ላይ ለመክፈት ወጥቶ በ83 ኳስ 123 ሠራ። የ1500 ሯጩ ማራቶኑን አሸነፈ እንደማለት ነው፣ እና ምሳሌዬ እዚህ ጋ ትንሽ ይንገዳገዳል።

ሌላም ቦታ ይንገዳገዳል። ሩጫ ሰዓት አለው። (የፓሪሱ ዳገት ከበርሊን ጋር አይወዳደርም፣ ግን ይሁን።) የባተር አማካይ እንደ ሰዓት አይደለም። እውነተኛ ችሎታው 40 የሆነ ሰው በአንድ ወቅት ቢበዛ ሃያ ኢኒንግ ገደማ ያገኛል፤ የባተር ውጤት ከኢኒንግ ኢኒንግ የሚዋዥቀው ደግሞ በአማካዩ ያህል ስለሆነ፣ በሃያ ኢኒንግ የሚቀረው ስህተት ወደ 9 ራን ይጠጋል። ያው ሰው፣ በያው ችሎታ፣ አምና 49 ዘንድሮ 31 ቢያመጣ አይገርምም። ተንታኞቹ ግን አምና «ግኝት»፣ ዘንድሮ «ወደቀ» ይሉታል። ቢያንስ ሦስት ወቅት አብራችሁ ካልደመራችሁ ስለ አንድ ልጅ ብዙ አትናገሩ።

«በ90ዎቹ እኮ...» የሚለው ደግሞ ይመጣል። አዎ፣ ነበረ። በ1994-95 አውስትራሊያ ከእንግሊዝና ከዚምባብዌ ጋር በተደረገው የአንድ ቀን ውድድር ሁለተኛ ቡድኗን ጭምር አሰለፈች። ሄይደን፣ ማርቲን፣ ቤቫን፣ ፖንቲንግ የነበሩበት ሁለተኛ ቡድን እንግሊዝን አስቀርቶ ከራሱ አገር ዋና ቡድን ጋር ፍጻሜ ገባ። ስቱዋርት ሎው አንድ ቴስት ተጫውቶ 54 ሳይወጣ ሠራና ሁለተኛ አልተጠራም። እሱን አልክድም። ግን የምናስታውሰው የማይረሱትን ብቻ ነው። በዚያው ዘመን ሺልድ ውስጥ አማካዩ 30 ሆኖ ያለፈውን ባተር ማን ያስታውሳል? ሁለተኛ፣ ሜዳውና ኳሱ አንድ አይደሉም። ከ2016-17 ጀምሮ ለጥቂት ወቅቶች የሺልዱ ሁለተኛ አጋማሽ በእንግሊዙ ዱክስ ኳስ ነበር የሚካሄደው፣ ፒቾቹም (ኳሱ የሚነጥርበት መሬት) በቅርብ ዓመታት ለቦውለር አድልተዋል። የዛሬን 38 ከያኔው 45 ጋር ዝም ብሎ አስቀምጦ «አነሰ» ማለት አይቻልም።

ቲ20 እና የአንድ ቀን ጨዋታ (አጫጭሮቹ የክሪኬት ዓይነቶች) ላይ አልቆይም። ጄክ ፍሬዘር-ማክገርክ በ2023 በአንድ ቀን ጨዋታ በ29 ኳስ መቶ ሠራ፣ ድንቅ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚጫወት ባተር ጥልቀት ምንም አይነግረንም። አውስትራሊያ በ2024 ደቡብ አፍሪካ ቤኖኒ ላይ ያገኘችው ከ19 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫም እንደዚሁ ነው። እኛም የወጣት ሻምፒዮን ሆኖ ከዚያ ስሙ የጠፋ ሯጭ አላጣንም።

ዊል ፑኮቭስኪን ደግሞ አትርሱት። በ2020 ለቪክቶሪያ 255 ሠርቶ ሳይወጣ ቀርቶ ነበር፤ ያኔ የወጣት ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ሁሉ አንደኛ የሚያደርገው እሱን ነው። አንድ ቴስት ተጫወተ። ጭንቅላቱ ላይ በተደጋገመ ምት በ27 ዓመቱ አቆመ። ዝርዝር እንዲህ ነው የሚሰረዘው፣ ማንንም ሳያማክር።

ስለዚህ ስለ ወጣት ጥልቀት ማውራት የሚፈልግ ሁለት ነገር ይይ። የቴስት ተጫዋቾቹ ወደየግዛታቸው ሲመለሱ ቦታ የሚለቀው ማነው? ባለፈው ሳምንት 80 የሠራ ልጅ ከቡድን ውጭ የሚቀመጥበት ግዛት ስንት ነው? ቀጥሎ ደግሞ ከ23 ዓመት በታች ካሉት ስንቱ በሁለተኛ ዓመቱ ቦታውን ይዞ ቆየ? በሁለተኛው ዓመት ቦውለሮቹ ቪዲዮውን አይተው፣ የት እንደሚቸገር አውቀው ነው የሚመጡበት።

የሚቀጥለው ዝርዝር ላይ ኦሊቨር ፒክ አንደኛ እንደሚሆን አውቃለሁ። የ2006 ልጅ ነው፣ ይችላል። ሦስት ወቅት ሙሉ በቪክቶሪያ ስድስት ውስጥ ከቆየ በኋላ ጻፍልኝ፣ በእሱ ምክንያት ቦታ ያጣውን ልጅ ስምም አብረህ።