ስለ ፊልም ሃያሲዎች የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አዲስ የውጭ ፊልም ወደ ሰሜን ሸዋ የሚገባው በአብዛኛው በፍላሽና በስልክ ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት፣ ፊልም የሚጭን ሱቅ ገብቶ «ምን አዲስ አለ?» ያለ ሰው ከፊልሙ ስም ጋር ቁጥር ይነገረዋል፦ «ይሄ 92 አለው። ያኛውን ተወው፣ ሃያሲዎቹ ጥለውታል።» በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ጥሩ ፊልም ሳይታይ ቀርቷል! ለዚህም ነው ስለ ሃያሲዎች የሚባሉትን አንድ በአንድ ማየት የፈለግሁት።

«92 ማለት ከመቶ 92 ማርክ ማለት ነው»

አይደለም። የሃያሲዎችን ሂስ የሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ የተባለ ድረ ገጽ ላይ የምናየው መቶኛ ስንቱ ሃያሲ ፊልሙን እንደደገፈ እንጂ ምን ያህል እንደወደደው አይናገርም። እያንዳንዱ ሂስ መጀመሪያ «ደግፏል» ወይም «አልደገፈም» ተብሎ ይመደባል፤ ከዚያ የደጋፊዎቹ ድርሻ ይሰላል። አሥር ሃያሲዎች ሁሉም «ደህና ነው፣ ይታያል» ብለው ከአሥር ስድስት ስድስት ቢሰጡት ፊልሙ 100 በመቶ ይዞ ይወጣል። ሌላውን ፊልም ደግሞ ሰባቱ ወደውት ከአሥር አሥር ቢሰጡትና ሦስቱ ቢጠሉት 70 ላይ ይቀራል። እኔ ሳልጠራጠር ሁለተኛውን አያለሁ፤ ሰው የሚከራከርበት ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ነገር አለውና።

የድረ ገጹ የድጋፍ ምልክት የሆነው ቀዩ ቲማቲም የሚለጠፈው ድጋፉ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። 59 ያገኘው አረንጓዴ፣ የፈረጠ ምልክት ይደርሰዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ወይም ሁለት ሃያሲ ሊሆን ይችላል። ሜታክሪቲክ የተባለው ሌላ ድረ ገጽ የሚሠራው በሌላ ስሌት ነው፤ የየሃያሲውን ነጥብ ከመቶ አውጥቶ አማካዩን ያሰላል፣ ለአንዳንዶቹም ከሌሎቹ የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ስለዚህ አንዱ ፊልም በአንዱ ገጽ 90፣ በሌላው 68 ቢይዝ ማንም አልዋሸም። ጊዜ ካላችሁ ቁጥሩን ዝለሉትና ሁለት ሂስ አንብቡ፤ አንዱ የወደደው ሰው፣ አንዱ የጠላው ሰው የጻፈው ይሁን። የሁለቱን ምክንያት ካወቃችሁ ፊልሙ ለእናንተ ይሁን አይሁን ትለያላችሁ።

«እኔ ቤት ያየሁትና ሃያሲው ሲኒማ ያየው አንድ ፊልም ነው»

ይህኛው በእኛ አካባቢ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። ሃያሲው ፊልሙን ያየው በትልቅ መጋረጃ፣ በጨለማ አዳራሽ፣ በተስተካከለ ድምፅ ነው። በወጣ በሳምንቱ ፍላሽ ላይ የተገኘ ፊልም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአዳራሽ ውስጥ ተደብቆ በካሜራ የተቀረጸ ነው፤ ምስሉ የደበዘዘ፣ ዳሩ የተቆረጠ፣ የተመልካች ሳል የሚሰማበት። በዚያ ቅጂ «ሃያሲዎቹ ያደነቁት የካሜራ ሥራ የታለ?» ብሎ መፍረድ በፊልሙ ባለሙያዎች ላይ ግፍ ነው። የሥራው ባለቤቶች ሳይፈቅዱ የተቀዳ መሆኑም ሌላ ጉዳይ ነው፤ አገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ካወጣች ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት አሥርት ዓመት አልፏል።

የአማርኛ ትርጉም የተጫነበትንም አስቡት። ተርጓሚው እንግሊዝኛ ለማይሰሙ እናቶችና አባቶች ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ይህን አከብራለሁ። ሃያሲው «በድምፁ ብቻ አስለቀሰኝ» ያለው ተዋናይ ግን በዚያ ቅጂ ውስጥ ድምፁ ተሸፍኗል።

ርዝመትም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ኪንግደም ኦፍ ሄቨን» ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ሲኒማ ቤት የገባው 144 ደቂቃ ነበር፤ ሃያሲዎቹም ቀዝቀዝ አድርገው ተቀበሉት። በኋላ ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ያወጣው ቅጂ 194 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ተቆርጦ የነበረ የአንድ ሕፃን ልጅ ታሪክ ተመልሶበታል። የእናቱ ባሕርይ ትርጉም ያገኘው ያኔ ነው፤ ብዙዎችም ስለ ፊልሙ የነበራቸውን ሐሳብ ለወጡ። ሂስ አንብባችሁ ፊልም ስታስጭኑ የፋይሉን ርዝመት ሃያሲው ከጠቀሰው ደቂቃ ጋር አመሳክሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊልም በአብዛኛው የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች በመሃል የራሳቸውን ምስል እየጨመሩ ያለሰልሱታል፤ በዚህ የተነሳ ትልቅ ፊልም የስቱዲዮ ድራማ ይመስላል። በምስል ማስተካከያው ውስጥ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» የሚለውን መምረጥ ብዙ ጊዜ ይህን ያስቀረዋል።

«ሃያሲ የሚያደንቀው ስለተከፈለው ነው»

ትላልቅ ጋዜጦች ላይ የሚጽፍ ሃያሲ ደመወዙን የሚያገኘው ከጋዜጣው ነው። የፊልም ድርጅቱ የሚሰጠው ቀድሞ የማየት ዕድል ነው፤ ሂሱም እስከ ተወሰነ ሰዓት ድረስ እንዳይወጣ ያስማማዋል። ማታለሉን ማስታወቂያው ውስጥ ፈልጉት። እ.ኤ.አ. በ2001 የሶኒ ኩባንያ የሆነው ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ዴቪድ ማኒንግ የሚባል፣ በዓለም ላይ የሌለ ሃያሲ ፈጥሮ ለራሱ ፊልሞች ምስጋና ሲያስጽፍ ተጋለጠ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2005 ኩባንያው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ፖስተር ላይ «ድንቅ!» የምትል አንዲት ቃል ብቻዋን ካያችሁ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ፈልጉ፤ «ድንቅ ሊሆን ይችል የነበረ» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል።

«ሃያሲ ከወደደው ሕዝብ ያየዋል፣ ሃያሲ ከጣለው ይሞታል»

«ዘ ሻውሻንክ ሪደምፕሽን» እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ብዙ ሃያሲ አመስግኖታል፤ ለሰባት ኦስካርም ታጭቷል። ሲኒማ ቤት ግን ሰው ሳይገባለት ቀርቶ በመጀመሪያው ዙር ወጪውን እንኳ አልመለሰም። ያነሱት በካሴት የተከራዩትና በቴሌቪዥን ደጋግመው ያዩት ሰዎች ናቸው። በ1982 የወጣው «ብሌድ ረነር» ደግሞ ከሃያሲዎቹም ከተመልካቹም ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠመው፤ ዛሬ የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ምሰሶ ነው። የመጀመሪያ ሳምንት ሂስ በችኮላ የሚጻፍ ነው፤ አንዳንድ ፊልም ጊዜ ይፈልጋል።

«በፌስቲቫል የተሸለመ ሁሉ ሃያሲ የመረጠው ነው»

ሽልማቱን የሚሰጠው በአብዛኛው የባለሙያዎች ዳኝነት ነው፤ አንዳንዱን ደግሞ ተመልካች ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ይመርጣል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የተሸለመው በዳኞች ነው። «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል ያገኘው ግን የተመልካቾች ሽልማት ነው፤ እንደኛ ቁጭ ብለው ያዩ ሰዎች መርጠውታል።

«ሂስ የአዲስ አበባ ሰው ሥራ ነው»

ይህን ስሰማ ከልቤ እቆጫለሁ። በአማርኛ ፊልም ውስጥ «የሸዋ ገጠር» ተብሎ የሚታየውን ነገር እውነት ነው ወይስ አይደለም ብሎ ለመፍረድ ከመንዝ ሰው የተሻለ ማን አለ? መሐል ሜዳ ያደገች ልጅ የደጋ ገበሬ በጠዋት ውርጭ በስስ ነጠላ ብቻ ቆሞ ሲታይ ወዲያው ታውቃለች። በርኖሱ የታለ? የበግ ፀጉር ባናውና ዝተቱስ? ቤቱ በጓሳ ሣር የሚከደንበት አገር በቆርቆሮ ተከድኖ ከታየ ምክንያት አለው ወይ? ባላገሩ አፉን በከፈተ ቁጥር ተመልካች እንዲስቅበት ተደርጎ ከተጻፈስ? አነጋገሩን የጻፈው ሰው ጣርማበርን ተሻግሮ ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የአዲስ አበባ ሃያሲ ይህን ላያየው ይችላል፤ ስለማያውቀው።

እንዲህ ያለውን ሂስ ለመጻፍ ትምህርት ቤት መግባት ግድ አይደለም። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ማየት፣ የተሳሳተውን ቦታ ከነደቂቃው መጥቀስ፣ ትክክለኛው ምን እንደሆነ ማስረዳት፣ ያማረውንም ሳይደብቁ መናገር ይበቃል። «አይረባም» ብሎ ማለፍ ለባለፊልሙ ምንም አይሰጠውም። «በ40ኛው ደቂቃ ላይ ሽማግሌው የለበሱት የመንዝ ልብስ አይደለም፤ በርኖስ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለ ነው» የሚል ሂስ ግን ለሚቀጥለው ፊልም አልባሳት የሚያዘጋጀው ሰው በቀጥታ ሊጠቀምበት ይችላል።