ስለ አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ደጋግመን የምንሳሳተው

በ2018 ዓ.ም. መስከረም ላይ በጎዴ የነዳጅ ማጣሪያ መሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ ወዲህ የአሰብ ወሬ እንደገና ደርቷል። ኬሚካል ምህንድስና ስለማስተምር ተማሪውም ዘመዱም ያንኑ ስህተት ይዞ ይመጣል። ሰልችቶኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የአሰብን ማጣሪያ ጣሊያን ነው የሠራው።» አይደለም፣ ሶቪየት ኅብረት ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1959 ሞስኮ ሄደው ባገኙት ብድር ተሠርቶ በ1967 ሥራ ጀመረ።

«ድፍድፉ እዚያው አሰብ ይወጣ ነበር።» ጠብታ አልወጣም። ድፍድፉ፣ ማለትም ያልተጣራው ነዳጅ፣ በመርከብ ነበር የሚመጣው።

«ጦርነቱ ባይዘጋው ኖሮ ዛሬ ነዳጅ በርካሽ እንቀዳ ነበር።» የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ዓመቱን እንኳ የሚያይ የለም። ማጣሪያው የተዘጋው በ1997 ነው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የተነሳው በ1998። የዘጋው ወጪ ነው። ፋብሪካው አርጅቷል። ድፍድፍ ገዝቶ እዚያ ከማጣራት የተጣራውን መግዛት ረከሰ።

እንዴት ይረክሳል ትሉኛላችሁ። ድፍድፉ እስከ 350 ዲግሪ ገደማ ይሞቅና በየዓይነቱ የሚለይበት ማማ ውስጥ ይገባል። ቡታ ጋዝና ቤንዚን ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ላምባና ናፍጣ መሃል ላይ ይለያሉ፣ ከባዱ ጥቁር ነዳጅ ታች ይቀራል። ሁሉም አብሮ ነው የሚመጣው፤ «ናፍጣ ብቻ ስጠኝ» ማለት አይቻልም። እኛ ደግሞ አብዝተን የምንፈልገው ናፍጣ ነው፤ ቦቴውም አውቶቡሱም ትራክተሩም የሚሄደው በሱ ነው። ጥቁሩን ሰባብሮ ናፍጣና ቤንዚን የሚያደርግ ክፍል አለ፣ ግን ውድ ነው። እሱ ከሌለ ጥቁሩ ይተርፋል። አሰብ ይሠራ የነበረ አጎቴ «ናፍጣ ከውጭ እየገዛን ጥቁሩን ለውጭ እንሸጥ ነበር» ይለኛል። ይህ ኪሳራ ጦርነት አያስፈልገውም።

በዚያ ላይ ለነዳጅ ከምንከፍለው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የድፍድፉ ዋጋ ነው፣ እሱን ደግሞ የዓለም ገበያ ነው የሚቆርጠው። ናይጄሪያን ተመልከቱ። ድፍድፍ ሞልቷት፣ የመንግሥት ማጣሪያዎችም እያሏት፣ ማጣሪያዎቹ በወጉ ስለማይሠሩ ለዓመታት ቤንዚን ከውጭ ስታስገባ ኖራለች።

ማጣሪያ አትሥሩ እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም ተማሪዎቼ እዚያ ቢቀጠሩልኝ ደስታዬ ነው። ግን ስለ አዲስ ማጣሪያ ስትሰሙ ይህን ጠይቁ። ድፍድፉ ከየት ይመጣል? ያለማቋረጥስ ይደርሳል? ከባዱን የሚሰባብር ክፍል አለው? ከሌለው ጥቁሩን ማን ይገዛዋል? መለዋወጫና ጥገናው በየዓመቱ በምን ይሸፈናል?