«አርቱዚ» ምንድን ነው?

ጣሊያን ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ምግብ አሠራር ቢከራከሩና አንደኛው «እስቲ አርቱዚን እንየው» ቢል ማንም ግር አይለውም። አርቱዚ የሰው ስም ነው። ሰውየው ከሞተ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ግን ስሙ ሲጠራ ቀድሞ የሚታሰበው መጽሐፉ ነው። «እናቴ አርቱዚ ነበራት» ያለ ሰው ስለ ምግብ ማብሰያ መጽሐፍ እያወራ ነው።

የመጽሐፉ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የወጥ ቤት ሳይንስና ጥሩ የመብላት ጥበብ» ማለት ነው። ይህን ሁሉ ማን ይጠራል? በደራሲው ስም ማሳጠር ይቀላል። የታተመው በ1891 ፍሎረንስ ከተማ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከ ዛሬ ከገበያ አልጠፋም።

ፔሌግሪኖ አርቱዚ ሼፍ አልነበረም። ነጋዴ ነበር። በ1820 ሮማኛ በሚባለው የሰሜን ጣሊያን ክፍል፣ ፎርሊምፖፖሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ1851 የጥር ወር አንድ ምሽት «ፓሳቶሬ» የሚባል ሽፍታ ከነጓዶቹ ከተማዋን ገባ። ሀብታሞቹ ቲያትር ቤት ተሰብስበው ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ መድረኩ ላይ የቆሙት ተዋንያን ሳይሆኑ ጠመንጃ የደገኑ ሽፍቶች ሆኑ። የአርቱዚም ቤት ተዘረፈ። እህቱ በዚያ ሌሊት ከደረሰባት ነገር አላገገመችም፤ በኋላ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ገባች። በዓመቱ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ፍሎረንስ ገባ።

እዚያ በሐር ንግድ በለጸገ። ገና አቅም እያለው ንግዱን ተወና መጻፍ ጀመረ። መጀመሪያ የጻፈው ግን ስለ ምግብ አልነበረም። ስለ አንድ ባለቅኔ ሕይወት አንድ መጽሐፍ፣ ስለ ሌላ ባለቅኔ ደብዳቤዎች ደግሞ ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። በቤቱ የነበሩት ፍራንቼስኮ ሩፊሊ የተባለ ወጥ ሠሪ፣ ማሪዬታ ሳባቲኒ የተባለች የቤት ሠራተኛ፣ እና ሁለት ድመቶች ናቸው። የመጀመሪያው እትም መታሰቢያነቱ ለድመቶቹ ነው። ስማቸውም ቢያንካኒና ሲቢሎኔ።

መጽሐፉ እንዴት እንደወጣ እሱ ራሱ መግቢያው ላይ ይተርካል። ታሪኩን ከሲንደሬላ ጋር ያመሳስለዋል። አስተያየት እንዲሰጠው የጠየቀው አንድ ምሁር ወዳጁ «ይሄ መጽሐፍ ብዙም አይሄድም» አለው። አሳታሚዎችም አልፈለጉትም። አርቱዚ ሰባ ዓመት ሞልቶት ነበር፤ እልህ ያዘው መሰለኝ ከኪሱ ከፍሎ 1,000 ቅጂ አሳተመ። ሁለቱን በትውልድ ከተማው ለእርዳታ በተዘጋጀ ባዛር ላይ አበረከተ። ዕጣው የደረሳቸው ሰዎች ሲስቁበት ከርመው ለትምባሆ ሻጭ ሸጡት። ገጾቹ ምን መጠቅለያ ሊሆኑ እንደታሰቡ መገመት አያቅትም።

ከዚያ ቀስ በቀስ ነገሩ ተገለበጠ። አርቱዚ መጽሐፉን ከቤቱ በፖስታ ይልክ ነበር። የገዙት ሴቶች ደግሞ መልሰው ይጽፉለታል። አንዷ ይሄኛው አልሠራልኝም ትላለች፤ ሌላዋ በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚሠራው ብላ የራሷን ትልካለች። እሱም ከነፍራንቼስኮና ከነማሪዬታ ጋር ይሞክረዋል፤ ከጣፈጠ ቀጣዩ እትም ውስጥ ይገባል። በ475 አሠራር የተጀመረው መጽሐፍ እሱ በ1911 ሲሞት 790 ደርሶ ነበር። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው። በ20 ዓመት ውስጥ ከተጨመሩት 315 አሠራሮች ብዙዎቹ የመጡት ከአንባቢ ደብዳቤ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ለምን እንዲህ ተፈለገ? ዘመኑን ማየት ነው። ጣሊያን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1861 ነው። ከዚያ በፊት የተከፋፈሉ ግዛቶች ነበሩ። የቱሪን ሰውና የፓሌርሞ ሰው በየራሳቸው ቋንቋ ቢያወሩ አይግባቡም። የመኳንንቱ ወጥ ቤት ደግሞ ፈረንሳይኛ ነበር የሚናገረው፤ ስጎውም ሾርባውም የፈረንሳይ ስም ነው ያለው። አርቱዚ ይሄ ያናድደው ነበር። ፍሎረንስ በሚነገረው ጣሊያንኛ፣ ማንም የቤት እመቤት በሚገባት ቃል ጻፈ። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪው ፒዬሮ ካምፖሬዚ በ1970 እንዳለው፣ ለአገሪቱ አንድነት ይህ መጽሐፍ የሠራው የማንዞኒ ታላቅ ልብወለድ ከሠራው ይበልጣል።

ይሄ ሁሉ ግን ዛሬ ሰው ለምን እንደሚያነበው አይነግረንም። ለአገር አንድነት ብሎ ሾርባ የሚሠራ የለም። የሚያነቡት ሰውየው ስለሚያወራ ነው።

የቲማቲም ስጎውን እንይ። የሚጀምረው በቄስ ነው። በሮማኛ አንዲት ከተማ በሰው ጉዳይ ሁሉ እየገባ የሚፈተፍት ቄስ ነበር። ክፋት የለበትም፤ ግን የማይገባበት የለም። የከተማው ሰው «ዶን ፖሞዶሮ» ብሎ ስም አወጣለት፤ «አባ ቲማቲም» እንደማለት። ቲማቲም የማይገባበት ወጥ የለማ! ይህን ካወራ በኋላ ነው ወደ ሥራው የሚሄደው። ሩብ ራስ ሽንኩርት፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የጣት ርዝመት ያህል ሰለሪ፣ ጥቂት በሶብላና ፐርስሊ ይከተፋል። ትንሽ ዘይት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። ሰባት ወይም ስምንት ቲማቲም ተቆራርጦ ይጨመርና ሁሉም በአንድ ላይ ይጣዳል። እንደ ቀጭን ክሬም ሲሆን በወንፊት ማጥለል ነው።

«ስጎ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ እንደመጣ እናውቃለን። አሠራሩ ግን የእኛ ሆኗል። እኛ ሽንኩርቱን ሳናቁላላ ስጎ ሠራን አንልም። አርቱዚ ሁሉንም በአንዴ ይጥዳል። እናቶቻችን ቢያዩት «ጥሬ ጥሬ ይላል» ማለታቸው አይቀርም። «የጣት ርዝመት ያህል» የምትለዋን ግን ይወዱለታል፤ በዓይንና በጣት መለካት ለእነሱ አዲስ አይደለም።

ከሁሉ የምወደው ግን የሚኔስትሮኔውን ነው። ይሄ አትክልት የበዛበት ሾርባ ነው። አርቱዚ አሠራሩን ሊነግረን ሲል በ1855 ወደ ሊቮርኖ ይመልሰናል። ለባሕር ዋና የሄደ ጊዜ ነው፤ ኮሌራም በአገሩ እዚህም እዚያም እያለ ነበር። አንድ ምግብ ቤት ገብቶ ሚኔስትሮኔ በላ። ከዚያ ዶሜኒቺ የሚባል ሰው ቤት ክፍል ተከራየ። ሌሊት ሆዱን ቆረጠው፤ ሲገላበጥ አደረ። ያን ሾርባ ሲረግም አነጋ። ጠዋት በባቡር ወደ ፍሎረንስ ተመለሰና ተሻለው። በማግስቱ ወሬ መጣ፤ ሊቮርኖ ኮሌራ ገብቷል፣ መጀመሪያ የሞተውም ያው ዶሜኒቺ ነው። ለካ ሾርባው ንጹሕ ነበር! ከዚህ በኋላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ጎመኑን እንዴት እንደምንከትፍ ይነግረናል። የዛሬ አዘጋጅ ቢሆን ይሄን ታሪክ በመጀመሪያው ንባብ ነበር የሚሰርዘው። ኮሌራና ሾርባ አንድ ገጽ ላይ!

ስለ ምግቡ መልክም አይዋሽም። ስትሩደል የሚባለውን ጥቅል ኬክ ሲያስተዋውቅ፣ ሲበስል ግዙፍ አልቅት ወይም ቅርጽ የሌለው እባብ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፣ ጣዕሙን ትወዱታላችሁ ይላል። የምግብ መጽሐፍ ፎቶ ባልነበረው ዘመን እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ጠቃሚ ነው።

መጽሐፉ ሙሉ ነው ብሎ ግን መሸወድ አይገባም። አርቱዚ የሰሜንና የመካከለኛው ጣሊያን ሰው ነው። ወደ ደቡብ ሲወርድ ይሳሳል። «ፒዛ በኔፕልስ አሠራር» የሚለውን የገለጠ ሰው የሚያገኘው በሪኮታ አይብና በለውዝ የተሞላ ጣፋጭ ኬክ ነው። ቲማቲም የለ፣ ሞዛሬላ የለ። ባልጠበቅነው ቦታ ደግሞ ታሪክ ያቀብለናል። ከ40 ዓመት በፊት ደበርጃን ፍሎረንስ ገበያ ላይ እምብዛም አይታይም ነበር ይለናል፤ የአይሁድ ምግብ ነው ተብሎ ይናቅ ነበርና። ቀጥሎም አይሁዶቹ ከክርስቲያኖቹ የተሻለ አፍንጫ እንዳላቸው በዚህም አሳዩ ይላል። የሰዎችን ንቀት በአንድ አትክልት በኩል ማየት ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከእሱ በኋላ ሌሎች መጥተዋል። የሮማዋ አዳ ቦኒ በ1920ዎቹ ያወጣችው ወፍራም መጽሐፍ ለሙሽሮች ስጦታ የሚሰጥ ሆነ። በ1950 «የብር ማንኪያ» ታተመ፤ እሱ እንደ መዝገበ ቃላት ነው፣ ሁሉም ነገር አለበት፣ የሚያወራ ሰው ግን የለበትም። አርቱዚን የምታስታውሰኝ ማርቼላ ሃዛን ናት። እሷም የሮማኛ ልጅ ናት፤ ቼዜናቲኮ ነው የተወለደችው። የተማረችው ሳይንስ ነው። ወደ አሜሪካ ሄዳ በ1973 የመጀመሪያ መጽሐፏን በእንግሊዝኛ አወጣች። የእሷ ስጎ ቲማቲም፣ ቅቤና ለሁለት የተከፈለ አንድ ሽንኩርት ብቻ ነው። ሽንኩርቱ አይከተፍም፣ አይቁላላም፤ መጨረሻ ላይ ወጥቶ ይጣላል። እሷም እንደ አርቱዚ ቆፍጠን ብላ ነው የምትናገረው፤ አንባቢዋን አታባብልም።

አርቱዚ መግቢያው ላይ፣ ማማሰያ መያዝ የሚችል ሰው በዚህ መጽሐፍ አንድ ነገር መሥራት አያቅተውም ይላል። እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ማማሰያ እንደያዘ እንጃ። ያማስሉ የነበሩት በአብዛኛው ፍራንቼስኮና ማሪዬታ ናቸው ባይ ነኝ። እሱ ይቀምሳል፣ ያርማል፣ ይጽፋል። በነገራችን ላይ ይህን ሊደብቅ አልሞከረም። አንዱ ኬክ «ፓኔቶኔ ማሪዬታ» ይባላል። ማሪዬታ ጎበዝ ወጥ ሠሪ ናት፣ ደግና ታማኝ ናት፣ ኬኩንም የተማርኩት ከእሷ ስለሆነ በስሟ ልጠራው ይገባል ብሎ ጽፏል። ሲሞት የመጽሐፉን ገቢ ለሁለቱ ሠራተኞች ተናዘዘ።

ያቺ መጽሐፉን ለትምባሆ ሻጭ የሸጠች ከተማ ዛሬ በስሙ ትነግዳለች። በ2007 ፎርሊምፖፖሊ ውስጥ «የአርቱዚ ቤት» የሚባል የምግብ ባህል ማዕከል ተከፈተ። በየዓመቱ ጎዳናዎቿ በምግብ ድግስ ይሞላሉ። በዚያ ሰሞን የሚሰጥ አንድ ሽልማት አለ፤ ስሙ የማሪዬታ ሽልማት ነው። የሚወዳደሩት ሼፎች አይደሉም፤ ቤታቸው የሚያበስሉ ሰዎች ናቸው።