«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ»፦ ለመሆኑ ጌታ የተባሉት ማን ናቸው?

የገና ሌሊት ነው። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሰው ነጠላውን እንኳ አላወለቀም። ቄጠማው ተጎዝጉዟል። የዶሮ ወጡ ድስት ሲከፈት ቤቱ በአንዴ ታወደ። እናቴ ጭልፋዋን ይዛ ማውጣት ጀመረች። እንቁላል ለሰው አንድ አንድ። ክንፍና አንገት ለልጆች። መላላጫው ለእንግዳ። ፈረሰኛው እንደ ወጉ ለአባቴ። ጭልፋዋ ድስቱን አንድ ጊዜ ዞረች። ደግማ ዞረች። ፈረሰኛ የለም።

ሁላችንም ዞር ብለን ታናሽ ወንድሜን አየነው። ከንፈሩ ዳር ላይ ቀይ ወጥ አለ። ጾሙን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ የያዘ ልጅ የመጨረሻዋ አሥር ደቂቃ አቃተችው። አባቴ ግንባሩን ቋጠር አደረገ። ይሄኔ አያቴ ከተቀመጡበት ጥግ ሆነው፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴም እየሳቀ ክንፍ በላ።

ያኔ ጌታ የተባለው ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስለኝ ነበር። ልደቱ አይደል? በልደቱ ቀን ማን ይቆጣል? ዛሬም አባባሉን እንዲህ የሚረዳው ሰው ብዙ ነው። አይፈረድበትም። ቀኑ የጌታ ልደት ነው፤ አባባሉም ጌታ ይላል። ግን አንዲት የምታሳብቅ ፊደል አለች። «ጡ»።

አማርኛ ከፈጣሪ ጋር አንተ ተባብሎ ነው የሚኖረው። «ጌታ ሆይ ማረኝ» እንላለን እንጂ «ይማሩኝ» አንልም። እግዚአብሔር ይሰጣል፣ ይነሳል፣ ይቆጣል፣ ይምራል። አንቱታ የሰው ድርሻ ነው፤ ለአባት፣ ለቄስ፣ ለሹም፣ ለባለመሬት። ነገሩ ስለ ፈጣሪ ቢሆን ኖሮ «አይቆጣም ጌታ» መባል ነበረበት። እርግጥ እንዲያ ብለው የሚጠሩትም አሉ። በብዙው አፍ ያለው ግን «አይቆጡም» ነው። ስለዚህ እኚህ ጌታ ሰው ናቸው። ሎሌ ያላቸው፣ በቅሎ የሚጫንላቸው፣ ሲቆጡ ግቢው የሚንቀጠቀጥላቸው ሰው። «ብላቴን ጌታ» የሚባል ማዕረግ የነበረበት አገር ላይ ቃሉ ለሰው መዋሉ ብርቅ አይደለም።

እኚህ ሰውዬ በገና ቀን ምን ገጥሟቸው ነው «አይቆጡም» የተባለላቸው? መልሱ ያለው ሜዳው ላይ ነው።

የገና ጨዋታ ማለት ጫፉ ቆልማማ በሆነ ዱላ አንዲት ትንሽ ኳስ እየመቱ ወደ ባላጋራ ወገን መንዳት ነው። ኳሷ ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ ትሠራለች። ሩር ይሏታል፤ ጥንግ የሚሏትም አሉ። የጨዋታውን አመጣጥ አባቶች ከእረኞች ጋር ያያይዙታል። በቤተልሔም ሜዳ መንጋቸውን ይጠብቁ የነበሩት እረኞች የልደቱን ብሥራት ሲሰሙ፣ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ ይባላል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ እረኞቹ አሉ፤ በትሩንና ጨዋታውን የጨመርነው እኛ ነን። ደግ አደረግን።

ቡድኑ እንደየአገሩ ይከፈላል። የላይኛው መንደር ከታችኛው፣ ያገባ ካላገባ፣ አንዱ ደብር ከሌላው። ተጫዋች ይህን ያህል ነው አይባልም፤ የመጣው ሁሉ ይገባል። ሜዳውም እዚህ ጋ ያልቃል የሚባል መስመር የለውም። ለዚህ ደግሞ ወቅቱ ራሱ ያግዛል። በታኅሣሥ መጨረሻ ብዙው እህል ታጭዷል፤ ማሳው ገለባ ብቻ ነው። ዝናብ የለም፣ ጭቃ የለም። ሩሯ እስከ ሄደችበት ድረስ ሜዳ ነው። የእርሻ ሥራውም ጋብ ስላለ ሎሌውም እረኛውም እጁ ባዶ ነው። ባዶ እጅ ደግሞ ዱላ ይይዛል።

አሁን ይህን በዓይነ ሕሊና ማየት ነው። ሠላሳ አርባ ሰው ዱላ ይዞ አንዲት የቡጢ ያህል ኳስ ላይ ይረባረባል። አቧራው ይጨሳል። ኳሷ በእግር መሃል ትሾልካለች። ዱላው ይሰነዘራል። ኳሷን ካላገኘ ምን ያገኛል? ቅልጥም ነዋ! ያ ቅልጥም ደግሞ የማን እንደሆነ አቧራው ውስጥ አይለይም። የእረኛው ሊሆን ይችላል። የጌታው ሊሆን ይችላል።

በሌላ ቀን ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢመታ ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም። በገና ሜዳ ላይ ግን ጌታ ዱላ ይዘው ከገቡ እንደማንኛውም ተጫዋች ናቸው። ክርናቸውን ይገፋሉ። ኳሷን ይነጠቃሉ። ቅልጥማቸውን ይመታሉ። ይህን የማይችል ጥላው ሥር ተቀምጦ ይይ። ከገቡ ግን አይቆጡም። አባባሉ የይቅርታ ጥሪ አይደለም። ይቅርታ ከጥፋት በኋላ ነው የሚመጣው። ይህ ገና ዱላው ሳይነሳ የተገባ ውል ነው።

እዚህ ላይ የአባባሉን አሠራር ልብ ማለት ነው። እንደ ተራ ንግግር ቢሆን «ጌታ በገና ጨዋታ አይቆጡም» ይባል ነበር፤ የአማርኛ ግሥ ወትሮ መጨረሻ ላይ ነው ቦታው። ገጣሚው ሕዝብ ግን «ጨዋታ» እና «ጌታ» ቤት እንዲመቱለት ብሎ ጌታን ወደ ኋላ ወሰዳቸው። በመወሰዳቸው ደግሞ ሌላ ትርጉም ተወለደ። በተረታችን ውስጥ በ«እነሱ» የተረባ ግሥ ብዙ ጊዜ ማንንም ሰው ያመለክታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ሲባል የሮጠው ማንም ነው። እንደዚያ ከሆነ «አይቆጡም» ማለት «ሰው አይቆጣም» ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ጌታ» ደግሞ ጥሪ ይሆናል፦ «በገና ጨዋታ አይቆጡም፣ ጌታዬ!»

እኔን የሚያሳምነኝ ይኼኛው ነው። ድምፁ ይሰማኛል። ጌታ ቅልጥማቸውን ይዘው ጎንበስ ብለዋል። መቺው ዱላውን ወደ ኋላው ደብቆ ቆሟል። ዙሪያው ጸጥ ብሏል። ከመሃል አንዱ ደፋር አባባሉን ይወረውራል። ግማሹ ልመና፣ ግማሹ ማሳሰቢያ ነው። ጌታ ከሳቁ ጨዋታው ይቀጥላል። ከተቆጡ በራሳቸው ላይ ተረተባቸው ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ለምን ጌታን ብቻ? «አይቆጣም ሎሌ» ያለ የለም። ሎሌውም እኮ ተመቷል፤ የእሱም ቅልጥም ቅልጥም ነው። መልሱ መራራ ቢሆንም ቀላል ነው። የሎሌ ቁጣ ምን ያመጣና! ቁጣው ቅጣት የሚያስከትለው፣ መሬት የሚያስነጥቀው፣ ግርፋት የሚያዘው ጌታ ነው። ስለዚህ አባባሉ የታሰረው የሚያስፈራው ቁጣ ላይ ነው። በቀሪው ዘመን ሎሌው ቁጣውን ሲውጥ ይከርማል። ገና ሲመጣ፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ፣ መዋጥ የጌታ ተራ ይሆናል።

ጨዋታው በዱላ ብቻ አያልቅም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያሸነፈው ወገን እየዘፈነ ወደ መንደር ይመለሳል፤ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። ቁመቱን፣ አፍንጫውን፣ ስስቱን፣ የሚስቱን ወጥ አያስቀርለትም። ተሸናፊውም አፍ አለው፤ ይመልሳል። ይህም የሚያስቆጣ አይደለም። «ጨዋታ» በአማርኛ ሩጫና ዱላ ብቻ ሳይሆን ወሬም፣ ቀልድም፣ ተረብም ነው። «እስኪ እንጫወት» ብሎ ቡና አቅርቦ የሚያወራን ሰው ዱላ ይዘህ ና አላለም። አባባሉ ከሜዳ ተነሥቶ ማዕድ ላይ ለመቀመጥ ያልተቸገረው ለዚህ ነው። ቃሉ ራሱ በሁለት እግሩ ነው የቆመው።

ማዕዱ ደግሞ ሁለተኛው ሜዳ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባና እስከ በዓሉ ዋዜማ ይዘልቃል። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ እንደ 2016 ባለው ማለት ነው፣ ጳጉሜን 6 ሆና ስላለፈች ታኅሣሥ 28 ይሆናል። ከ40 ቀን በላይ ሽሮና ምስር ላይ የከረመ ቤት ነው እንግዲህ ድስት የሚከፍተው። ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ ተጋግሯል። ጠላው ጠርቷል። በጉ ነገ ጠዋት ይታረዳል። ሽንኩርቱ ከትናንት ጀምሮ ሲቁላላ ያለቀሰው ሰው አሁን እየሳቀ ነው።

እና ዶሮዋ። ወጉ 12 ብልት ነው። ብልቱ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ማን ምን እንደሚበላ ሳይነገር ይታወቃል። ፈረሰኛ ለአባወራ ነው። ቤታችን ውስጥ ጌታና ሎሌ ባይኖርም፣ የዶሮ ወጥ ድስት ውስጥ ማዕረግ አለ። በአዘቦቱ ቀን ፈረሰኛ የነካ ልጅ የሚደርስበትን የሚያውቅ ያውቀዋል። እና አያቴ ያን ሌሊት አባባሉን ሲያነሡ ዝም ብለው ቀልድ ማድመቃቸው አልነበረም። ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው ያዋሉት። ታናሹ የበላዩን ድርሻ ነጠቀ፤ ቀኑ ገና ነው፤ ጌታ አይቆጡም።

በዓሎቻችን የየራሳቸው አመል አላቸው። ከ12 ቀን በኋላ የሚመጣውን ጥምቀትን ይዩት፦ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ»። እዚያ ጉዳዩ ልብስ ነው። ገና ላይ ቀሚስ የጠየቀ የለም። ብትለብስም አቧራ ሊጠጣው! ገና የሚጠይቀው ቁጣህን ቤት ትተህ እንድትመጣ ነው።

ዛሬ ከተማ ውስጥ የገና ዱላ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሞልቷል። ከፕላስቲክ የተሠራ የገና ዛፍና ጥጥ ጺም ያለው የገና አባት ግን ያውቃል። ጨዋታው ጨርሶ አልጠፋም፤ በየገጠሩ አለ፣ ጃን ሜዳም ይታያል፣ የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽንም ደንብ አውጥቶለት ያወዳድርበታል። ደንብ ሲወጣለት ያ መስመር አልባ ሜዳ መስመር ተሠመረለት፤ ዳኛም ቆመበት። እኔ ዳኛው አልተዋጠልኝም። አባባሉ እኮ ዳኛ በሌለበት ሜዳ ላይ ዳኛ ሆኖ የኖረ ነው።

አባባሉ ከጨዋታው ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል። መሥሪያ ቤት ውስጥ አለቃን ሲተርቡ ይባላል። ጓደኛሞች በኳስ ቡድን ሲበሻሸቁ ይባላል። «ጌታው» ብለን የማናውቀውን ሰው በምንጠራበት ዘመን «ጌታ» ቃሉ ራሱ ለስልሷል፤ ግማሽ ክብር፣ ግማሽ ሹፈት ሆኗል። አባባሉን ከለላ የሚያደርጉትም አሉ። ሰው የሚያሳፍር ነገር ይናገሩና «ምነው፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም» ይላሉ። ይህ አገባቡ አይደለም። ሜዳው ላይ የሚመታው ሰውም ዱላ ይዟል። ዱላ ያልያዘን ሰው መምታት ጨዋታ አይባልም። ደግሞም አባባሉ ወደ ላይ ነው የሚወረወረው፤ ከታናሽ ወደ ታላቅ። አለቃ ጸሐፊውን አብሽቆ «አይቆጡም» ካለ ተረቱን ገለበጠው።

አያቴ የግራ ቅልጥማቸው ላይ ጠባሳ ነበራቸው። በየገናው፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው ያሳዩን ነበር። ጎረምሳ ሳሉ መሬታቸውን የእኩል የሚያርስላቸው ሰው ነው በገና ዱላ የመታቸው። አንድ ሳምንት አነከሱ። አንድ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ፣ ያው ፈረሰኛ የበላው፣ «አባባ፣ ግን ሳያውቅ ነው የመታዎት?» አላቸው።

«ኧረ አውቆ ነው» አሉ አያቴ። «ኳሷ እኮ አጠገቤም አልነበረች።»

«ታዲያ ምን አደረጉት?»

ሱሪያቸውን መልሰው እያወረዱ ሲኒያቸውን ለሦስተኛው ዘረጉ።

«በዓመቱ ጠበቅሁት» አሉ።