«ሙቀቱ ለሩጫው፣ ዳገቱ ለብስክሌቱ» እና ሌሎች መስማት የሰለቹኝ ነገሮች

የ70.3 (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተከታትለው የሚካሄዱበት የትራያትሎን ውድድር፣ ግማሽ አይረንማን የሚሉት) የዓለም ሻምፒዮና ከ2006 እስከ 2010 (ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ) ፍሎሪዳ ውስጥ ክሊርዋተር በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነበር የሚካሄደው። ወሩ ኖቬምበር፣ አየሩ ለስላሳ፣ መንገዱ እንደ ገበታ የተዘረጋ ሜዳ። በ2011 ውድድሩ ተነቅሎ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ፣ ላስ ቬጋስ አጠገብ ያለችው ሄንደርሰን ከተማ ተተከለ። ወሩ ሴፕቴምበር ሆነ፤ በዚያ አካባቢ በዚያ ወር የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ቢደርስ ማንም አይገረምም። 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ፤ ርቀቱ ያው ነው። የቀረው በሙሉ ተቀየረ፤ ሜዳውም ዳገት ሆነ።

ያኔ ስለ ሙቀቱና ስለ ዳገቱ የሰማሁትን ወሬ በ2021 ሻምፒዮናው ዩታ ውስጥ ወዳለችው ሴንት ጆርጅ ሲሄድ እንደገና ሰማሁት። በ2023 የወንዶቹ ረጅም አይረንማን (የ70.3 እጥፍ የሆነው) የዓለም ሻምፒዮና ከሃዋይዋ ኮና ወደ ፈረንሳይዋ ኒስ ተራሮች ሲዛወርም (ኒስ ከኮና ባይሞቅም) ያው ወሬ መጣ። ሰው አሠለጥናለሁና ወሬው ወሬ ሆኖ አይቀርልኝም፤ የልምምድ ዕቅድ ሆኖ ይመጣብኛል። ስለዚህ አንድ በአንድ።

«ቦታውን የቀየሩት ለካሜራ እንዲያምር ነው።» በረሃው ያምራል፣ አልክድም። ግን ክሊርዋተር ላይ ለዓመታት ሲነሣ የነበረውን ቅሬታ የረሳ ብቻ ነው እንዲህ የሚለው። ሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው አብዛኛውን ጉልበቱን የሚጨርሰው አየር ሲገፋ ነው። ከሌላው ጀርባ ከተደበቀ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም የበለጠ ይቆጥባል። በዚህ ውድድር መደበቅ ክልክል ነው፤ ግን አቅማቸው የተቀራረበ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ከውኃ ተከታትለው ወጥተው ሜዳ ላይ ሲለቀቁ፣ ሕግ አክባሪውም ሳይወድ መንጋ ውስጥ ይገባል። ዳገት ላይ ፍጥነት ወደ 15 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ግን መደበቅ የሚያተርፈው ነገር የለም ማለት ይቻላል። መንጋውን ዳኛ ሊበትነው ያልቻለውን ዳገት ይበትነዋል።

«ሰዓቱ ስለዘገየ የውድድሩ ደረጃ ወርዷል።» ሚካኤል ራሌርት በ2009 ክሊርዋተር ላይ ያሸነፈው በ3 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ገደማ ነው። ክሬግ አሌክሳንደር በ2011 ሄንደርሰን ላይ ያሸነፈው ደግሞ በ3 ሰዓት ከ54 ገደማ። 20 ደቂቃ! አሌክሳንደር ግን በ2006 ክሊርዋተር ላይ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ያሸነፈ ያው ሰው ነው። ሰውዬው አልዘገየም፣ መንገዱ ነው የከበደው።

«ዳገት ላይ የጠፋው ጊዜ ቁልቁለቱ ላይ ይካካሳል።» ሒሳቡን ብቻ ልሥራላችሁ። 10 ኪሎ ሜትር ሽቅብ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ 40 ደቂቃ ነው። ያንኑ መንገድ ቁልቁል በ60 ብትመለሱበት 10 ደቂቃ። 20 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ፤ አማካዩ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ነው እንጂ የ15 እና የ60 መካከል አይደለም። የማታምኑ ከሆነ ካልኩሌተር አለላችሁ።

«የትራያትሎን ብስክሌቴን ትቼ ቀላል የዳገት ብስክሌት ልግዛ።» አትግዙ። ከኋላ ጥርሱ የበዛ ማርሽ አስገቡና ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው። ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

«ሙቀቱ የሩጫ ጉዳይ ነው፤ ዳገቱ የብስክሌት ጉዳይ ነው።»

አመክንዮው ትክክል ይመስላል። ውድድሩ ማለዳ ይጀመራል፣ ብስክሌት ላይ ሳለን በረሃውም ገና አልነቃም፣ ነፋስ ፊታችንን ይመታናል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ የምትወጣው ለሩጫው ነው። ስለዚህ ብስክሌቱ ላይ ለዳገት እግር፣ ሩጫው ላይ ለሙቀት ኮፍያ። ሁለት ችግር፣ ሁለት ዝግጅት።

ችግሩ አንድ ነው። የሰው ጡንቻ ጥሩ ሞተር አይደለም፤ ካቃጠለው ነዳጅ ፔዳል ላይ የሚደርሰው ከ20 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው። 200 ዋት የሚገፋ ሰው ከጎኑ ወደ 700 ዋት የሚጠጋ ሙቀት በሰውነቱ ውስጥ ያመርታል። ያንን ሙቀት በላብ ብቻ ለማስወጣት በሰዓት 1 ሊትር ያህል ላብ መትነን አለበት። መትነን ነው ያልኩት፤ መንጠባጠብ አላልኩም። የተንጠባጠበ ላብ ውኃውን ይወስድባችኋል እንጂ ምንም አያቀዘቅዝም። ለማትነን ደግሞ የሚንቀሳቀስ አየር ይረዳል። ሜዳ ላይ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ስትበሩ ነፋሱን በነፃ ታገኛላችሁ። ዳገቱ ላይ ጉልበታችሁ ሲጨምር ፍጥነታችሁ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ነፋሱ ከኋላ ከሆነና እሱም በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ከነፈሰ፣ እናንተም በ15 ከወጣችሁ፣ በቆዳችሁ ላይ የሚያልፈው አየር ዜሮ ነው። ምድጃው በጣም በሚነድበት ሰዓት መስኮቱን ዘጋችሁት ማለት ነው።

ቤታችሁ ውስጥ መሞከር ይቻላል። ብስክሌቱን የቤት ውስጥ ማለማመጃው ላይ ስቀሉ፣ ቬንትሌተር ፊታችሁ አድርጋችሁ ለ15 ደቂቃ በአንድ ዓይነት ዋት ጋልቡ። ከዚያ ዋቱን ሳትነኩ ቬንትሌተሩን አጥፉ። የልብ ምታችሁን ተመልከቱ። ክፈፉ ላይ የሚወርደውን ላብ፣ ከፊት ጎማው ሥር የሚጠራቀመውን ኩሬ ተመልከቱ። እግራችሁ ምንም አዲስ ነገር አልሠራም።

አንድ የማሠለጥነው ሰው ነበር፤ ጎበዝ ነው፣ ግን ከእኔ ይልቅ ጓደኞቹን ይሰማል። ለሞቃትና ዳገታማ ውድድር ሲዘጋጅ «አሠልጣኝ፣ ብስክሌቱ ላይ እኮ ብርድ ነው፤ ጊዜ ማትረፍ ያለብኝ እዚያ ነው» አለኝ። እሺ አላልኩም፤ እሱም አልተከራከረኝም፣ ልቡ ያለውን ሊያደርግ ወስኖ ነበርና። ከውድድሩ በኋላ ሰዓቱ የመዘገበውን ፋይል ስከፍተው ታሪኩ ሁሉ ተጽፎ ነበር። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ከተስማማንበት ዋት 40 ጨምሯል፣ ልቡ በደቂቃ 151 ይመታል። ሦስተኛው ዳገት ላይ ዋቱ ወደ ተስማማንበት ወርዷል፣ ልቡ ግን 168 ነው። እዚያ ጋ አልቋል፤ እሱ ግን አላወቀም፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ቁልቁለት ነበር፣ ነፋስ ነበር፣ ደስ ይል ነበር። ሩጫው 6ኛ ኪሎ ሜትር ላይ ሳገኘው ይራመዳል። ጥቁር ማሊያው ደረቱ ላይ በጨው ነጭ ካርታ ተስሎበታል። «ሙቀቱ ገደለኝ» አለኝ። ሙቀቱ ያገኘው ከሦስት ሰዓት በፊት ዳገቱ ላይ ነበር።

ስለዚህ ምክር ካላችሁኝ፦ ዳገት ላይ ሜዳ ላይ ከምትገፉት ብዙም አትጨምሩ፤ 10 በመቶ ከበዛ በዝቷል። ሰው ሲያልፋችሁ እለፉ በሉት። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ነፋስ ሳለ፣ ደረታችሁንና ክንዳችሁን በውኃ አርጥቡ። የማሊያችሁን ዚፕ የዳገቱ አናት ላይ ስትደርሱ ሳይሆን ከዳገቱ ሥር ጀምሮ ክፈቱት። የልብ ምት ሰዓታችሁ ላይ ዋትና ልብ ጎን ለጎን ይታዩ፤ ዋቱ ባለበት ቆሞ ልቡ ብቻውን ሽቅብ ከሄደ እግራችሁ ምንም ቢላችሁ ሞተሩ ግሏልና ቀንሱ።

«መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ስለዚህ ፍትሐዊ ነው።» መንገዱ አንድ ነው፣ ሰውነቱ ግን አንድ አይደለም። ትልቅ ሰው በክብደቱ ልክ ሙቀት ያመርታል፣ የሚያስወጣበት ቆዳ ግን በዚያው ልክ አይሰፋም። ዳገቱም ኪሎውን ይቆጥርበታል። ክሊርዋተር ላይ ትልልቅና ኃይለኛ ጋላቢዎች ያገኙት የነበረውን ጥቅም ሄንደርሰን ወሰደባቸው፤ ክሊርዋተርም ቢሆን ከትንንሾቹ ወስዶ ነበር የሰጣቸው። ለሁሉም እኩል የሆነ መንገድ የለም።

«ሙቀት የአማተር ችግር ነው።» ኦክቶበር 2025 ኮና ላይ የሴቶቹን ውድድር ሲመሩ የነበሩት ሉሲ ቻርልስ ባርክሌይ እና ቴይለር ኒብ ሁለቱም ሩጫው ላይ አቋርጠው ወጡ። ያሸነፈችው የኖርዌይዋ ሶልቫይ ሎቭሴት ነች። አማተር ናቸው እንግዲህ?

«ደረቅ ሙቀት ቀላል ነው፣ ወበቅ ነው ከባዱ።» ግማሹ እውነት ነው፤ በደረቅ አየር ላብ ቶሎ ይተንናል። አደጋውም እዚያው ነው፤ ላቡ ሳይታያችሁ ስለሚጠፋ «እኔ እኮ አላላበኝም» እያላችሁ ትደርቃላችሁ።

«እንግዲያው በተቻለ መጠን ውኃ መጠጣት ነው።» ይህኛው ሰው ሊገድል ይችላል፣ ቀልድ የለኝም። ከሚያልበው በላይ ውኃ የሚጠጣ ሰው የደሙ ሶዲየም ይቀጥናል፤ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ መቃዠት፣ ሲብስም ራስን መሳት ይከተላል። የሚያሳዝነው ምልክቱ ከድርቀት ጋር ስለሚመሳሰል አጠገቡ ያለው ሰው ሌላ ውኃ ያቀብለዋል። በልምምድ ቀን ከመውጣታችሁ በፊትና ከተመለሳችሁ በኋላ ራቁታችሁን ተመዘኑ፤ በቀነሳችሁት ክብደት ላይ የጠጣችሁትን ደምሩና ለሰዓቱ አካፍሉት፣ በሰዓት ስንት እንደምታልቡ ታውቃላችሁ። ተመዝናችሁ ክብደት ጨምራችሁ ከተመለሳችሁ ከልክ በላይ ጠጥታችኋል።

«ሁለት ቀን ቀድሜ ገብቼ አየሩን እለምዳለሁ።» በሁለት ቀን የምትለምዱት የሆቴሉን ቁርስ ነው። ሰውነት ሙቀትን በደንብ ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላብ ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ የሚወጣውም ጨው ይቀንሳል። ቀድሞ መሄድ ለማይችል ከልምምድ በኋላ ሳውና ወይም ሙቅ ውኃ ውስጥ መቀመጥ ብዙውን ሥራ ይሠራል። ብቻችሁን አትግቡ፤ ካዞራችሁም ውጡ።

«ዌትሱቴን (የጎማ የዋና ልብሴን) እለብሳለሁ፣ ያፈጥነኛል።» በአይረንማን ሕግ የውኃው ሙቀት ከ24.5 ዲግሪ ካለፈ ለብሶ የዋኘ አማተር ለሽልማት አይታሰብም። በበረሃ ሐይቅ በሴፕቴምበር ለምታስቡ ሰዎች፦ ያለ እሱ ዋና ተለማመዱ።

«ውኃ ጣቢያ ላይ ቆሞ በረዶ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።» ይህንንም ያ የማሠለጥነው ሰውዬ ነው ያለኝ። በየጣቢያው 10 ሰከንድ ተራምዶ በረዶ ደረቱና አንገቱ ላይ ቢያስገባ፣ በ12 ጣቢያ 2 ደቂቃ ነው። እሱ የተራመደውን ከፋይሉ ላይ ደመርኩት፤ 41 ደቂቃ።